ማሽን ናቸው ያልኳቸው ሰዎች

የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፈው ጡረታ የወጣ ሰው ነው ይባላል። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሰባት ዓመት የሠራሁት ሥራ ግን፣ ቢያንስ እኔ በነበርኩበት ቢሮ፣ ዛሬ የለም፤ ወንበሩ ሳይቀር ተነሥቷል። ስለዚህ የመጻፍ መብት አለኝ ብያለሁ። ካልጻፍኩት ደግሞ የቀድሞ አለቃዬ በራሱ መንገድ ያወራዋል። ጀምሯልም። «ቅድስት ደንበኛ አባረረችብን» ነው የሚለው። አዎ፣ አባርሬያለሁ። እንዴት እንዳባረርኩ ግን እኔው ልናገር።

ሥራዬ የሰው ማውስ ማየት ነበር። አንድ ሰው ኮምፒውተር ላይ አንድ ድረ ገጽ ሲከፍት የማውሱ ቀስት የት እንደሄደች፣ የት እንደቆመች፣ ምን ላይ እንደተጫነች ይቀዳል። የሰውየው ስም አይታይም፤ የሚጽፈው ፊደል ሁሉ በነጥብ ይሸፈናል። የሚቀረው ገጹ ላይ ወዲያ ወዲህ የምትል ትንሽ ቀስት ብቻ ናት። ቀኑን ሙሉ እሷን ሳይ እውላለሁ፤ ከዚያ ለድረ ገጹ ባለቤት «ሰው እዚህ ጋ ልቡ ይቀራል፣ እዚህ ጋ ይሰለቻል፣ እዚህ ጋ ይናደዳል» ብዬ እጽፋለሁ።

እናቴ ጊዮርጊስ አጠገብ ጨርቅ ትሸጣለች። ሰው «ልጅሽ ምን ትሠራለች?» ሲላት «ኮምፒውተር ላይ ናት» ብላ ታልፈዋለች። አንድ ቀን በዝርዝር ሳስረዳት ሜትሯን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች ሰማችኝና «ሰው እንዴት እንደሚያመነታ ለማወቅ ነው አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጥሽው? እኔ ጋ አንድ ወር ብትቆሚ ይበቃሽ ነበር» አለችኝ።

ናሆም፣ አለቃዬ፣ ሲቀጥረኝ የጠየቀኝ ጥያቄ አንድ ነው። ስታቲስቲክስ መመረቄን ከወረቀቱ አነበበና «ስለ ራስሽ ንገሪኝ» አለኝ። ዝም አልኩ። እኔ ሰው ፊት ቃል ይጠፋብኛል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። ትንሽ ጠበቀኝና ሳቀ። «ጥሩ ነው፤ ሥራው ወሬ አይፈልግም» አለ። ደመወዙ የሚነገር አልነበረም፤ ሰኞ ጀመርኩ።

ቢሮው ፒያሳ ውስጥ ከአንድ አሮጌ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ደረጃው እንጨት ነው፤ ማን እየመጣ እንደሆነ ከእርምጃው ይታወቃል። ስገባ አራት ነበርን። ሁለቱ ልጆች ድረ ገጽ ይሠራሉ፤ ናሆም ደንበኛ ያነጋግራል፤ እኔ ጥግ ይዤ ቀስት አያለሁ። ከአገሬው አብዛኛው ሰው ድረ ገጽ የሚከፍተው በስልኩ ነው፤ ስልክ ደግሞ ቀስት የለውም። ማውስ የሚይዘው ቢሮ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ወይም ኮምፒውተር የሌለው ሰው ሲቸግረው የሚሄድበት ቤት የተቀመጠ ሰው። ይህን ሁለተኛውን በደንብ አስቤበት ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር።

ቀስት ማንበብ እንዲህ ነው። የሚያነብ ሰው ቀስቷን በመስመሩ ሥር እየጎተተ ይሄዳል፤ ልጅ ሳለን በጣታችን እየተከተልን እንደምናነበው። ያልገባው ሰው ሁለት መስመር ወደ ላይ ይመለሳል። የተናደደ ሰው የማይጫን ነገር ላይ ደጋግሞ ይጫናል። ሊወጣ ያሰበ ሰው ቀስቷን ወደ መዝጊያው ወስዶ እዚያው ያቆያታል፤ እጁ ተነሥቶ ልቡ ገና የተቀመጠ እንግዳ ማለት ነው። ቀስት ቆመች ማለት ግን ሰው እያነበበ ነው ማለት አይደለም። ስልክ እያነሳ ይሆናል፤ ማኪያቶው መጥቶለት ይሆናል።

ይህን የመጨረሻውን ያስተማሩኝ ጋሽ ታደሰ ናቸው። ጋሽ ታደሰ ፒያሳ ወርቅ ቤት ባንኮኒ ጀርባ ሲሸጡ ኖረው ያረጁ ሰው ናቸው። ናሆም ከእኔ በኋላ የቀጠራቸው የፒያሳን ነጋዴ ሁሉ በስሙ ስለሚያውቁ ደንበኛ እንዲያመጡለት ነበር። ከሰዓት ሥራ ሲቀዘቅዝ ግን ወንበራቸውን ጎትተው ከጎኔ ይቀመጣሉ። ኮምፒውተር መክፈት አይችሉም፤ ቀስት ማንበብ ግን ከእኔ ይበልጣሉ።

አንድ የሠርግ አዳራሽ ባለቤት ደንበኛችን ነበር። ድረ ገጹ ላይ ያለው የአዳራሹ ፎቶ ላይ ሰው ቀስቱን አምጥቶ ብዙ ይቆያል። ባለቤቱ «ፎቶው ማርኳቸዋል፤ ሌላ አሥር ጨምሩ» አለ። እኔም ተስማምቼ ልጽፍለት ስል ጋሽ ታደሰ እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«ቆይ፣ ቆይ። ልጄ፣ ያቺን ነገር መልሻት።»

መለስኳት።

«ስትሄድ ታያለሽ? ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ከዚያ ወረደች። እንደገና ዱብ፣ ዱብ።»

«አዎ።»

«ወንበር እየቆጠሩ ነው እኮ!»

ስንት ሰው እንደሚይዝ አዳራሹ የትም አልጻፈውም ነበር። ሠርግ ያለበት ቤተሰብ ፎቶው ላይ ተደፍቶ ወንበር ይቆጥራል። ፎቶ አልጨመርንም፤ አንድ መስመር ጽፈን ችግሩ አለቀ።

ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ ወረቀት ለሁለት እንዳጥፍ ያደርጉኛል። በግራው «እጁ ያደረገው»፣ በቀኙ «የመሰለኝ»። ግራውን ከሞላሁ በኋላ ምሳ በልቼ እስክመለስ ቀኙን መንካት አይፈቀድልኝም። «የጠገበ ሰው ፍርድ ይሻላል» ይላሉ። ሁለተኛው፣ ምንም ብነግራቸው መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ከጎኗ ማን አለ?» ብለው ነው። ወርቅ ቤት ሙሽራ ብቻዋን አትመጣም። ቀለበቱ ላይ ያለው እጅ የሙሽራዋ ነው፤ ወሳኟ ግን ከኋላ የቆመችው አክስት ናት። እጅ ብቻ አይቶ የሸጠ ሻጭ ማታ መላሽ ይመጣበታል።

አራት ዓመት እንዲህ ሠራን። ከዚያ ሕንጻው ሊፈርስ ነው ተባለ፤ አካባቢውም ተነሣ። እኛ ወደ ሥላሴ በኩል አንድ አዲስ ሕንጻ ገባን፤ ሊፍት አለው፣ ማን እንደመጣ አይታወቅም። ጋሽ ታደሰ አልተከተሉንም። «እኔ የማውቀው ነጋዴ ሁሉ ተበትኗል፤ ማንን ላመጣላችሁ?» ብለው ሐዋሳ ልጃቸው ጋ ሄዱ። ብቻዬን ቀረሁ፤ ናሆምም «ከፍተኛ ባለሙያ» የሚል ማዕረግ ሰጠኝ።

የዓይን ክሊኒኩ የመጣው በዚያን ጊዜ ነው። በጎ አድራጊዎች የሚያግዙት ክሊኒክ ነው፤ የዓይን ሞራ በነጻ ያነሣል። ተራ የሚያዘው በድረ ገጹ ተመዝግቦ ነበር። ታዲያ ደላሎች ተራ እየያዙ ይሸጣሉ የሚል ወሬ ተነሥቶባቸዋል። ጥያቄያቸው አጭር ነበር፤ ከሚመዘገቡት ውስጥ እውነተኛ ታማሚው ማነው?

ቅጂዎቹን ማየት ጀመርኩ። የአብዛኛው ሰው ቀስት ትንገዳገዳለች፤ ማየት የተቸገረ ሰው ወይም የተጨነቀ ልጁ ነው የሚሞላው። ከእነሱ መሀል ግን ሌላ ዓይነት ነበር። ከአንድ ኮምፒውተር፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ። ምንም አያነብም። ቀጥ ብሎ ወደ ስም፣ ቀጥ ብሎ ወደ ዕድሜ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ስልክ። ከዚያ «ላክ» ከማለቱ በፊት ሁልጊዜ ቀስቷ ወደ ቀኝ ጠርዝ ትወጣና ትንሽ ክብ ትሠራለች፤ ትቆማለች፤ ትመለሳለች፤ ትልካለች። ሁልጊዜ ያው ክብ።

ወረቀቴን አጠፍኩ። በግራው ያየሁትን ጻፍኩ። ከጻፍኩት አንዱ ይህ ነበር፦ «ክቡ አንድ ዓይነት ነው፤ ከክቡ በኋላ የምትቆምበት ጊዜ ግን ይለያያል፤ አንዳንዴ አጭር፣ አንዳንዴ በጣም ረጅም።» በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። ማሽን ቢሆን ለምን አንዴ አጭር አንዴ ረጅም ይቆማል? ምሳ ልበላ አልወጣሁም። ናሆም ከበላዬ ቆሞ «አገኘሽ? አገኘሽ?» ይለኛል፤ እኔም ብቻዬን ማግኘት አማረኝ። በቀኙ «ሰው አይደለም፤ ማሽን ነው፤ ወይም ተራ የሚያከማች ደላላ» ብዬ ጻፍኩ።

ክሊኒኩ ያንን ኮምፒውተር ዘጋው። ከዚያ የመጡትንም ምዝገባዎች ወደ ጎን አደረገ። ናሆም በሁሉም ፊት አጨበጨበልኝ፤ ፊቴ እስኪቀላ ደስ አለኝ።

ወር ሳይሞላ እናቴ ለአንድ ማመልከቻ እሪ በከንቱ ሰፈር ወዳለ አንድ ጽሕፈት ቤት ላከችኝ። ደብዳቤ የሚጻፍባት፣ ኮፒ የሚደረግባት፣ ቅጽ የሚሞላባት ጠባብ ቤት ናት። ባለቤቷ እትዬ ዘነቡ ይባላሉ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚያደርጉ፣ ምላሳቸው የሰላ ሴት። ከአጠገባቸው አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ወረፋ ይዤ ቆምኩ።

«አባባ ደምሴ፣ ዛሬም እንቢ አለ» አሉ እትዬ ዘነቡ። «"ምዝገባዎ ተቀባይነት የለውም።" እኔን ነው የጠላኝ እርስዎን?»

«አንቺን ይሆናል፤ እኔንማ አያውቀኝ» አሉ ሽማግሌው።

«ከሌላ በኩል ልሞክር። ስልክዎ ያው ነው? ልንገርዎት፣ ያዳምጡ።»

ይህን ሲሉ ዞር አሉ። ፊታቸው ወደ ሽማግሌው ዞረ፤ እጃቸው ግን ማውሱ ላይ ነው። ቀስቷ ወደ ቀኝ ጠርዝ ወጣች። ትንሽ ክብ ሠራች። ቆመች። እትዬ ዘነቡ ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበቡላቸው፤ አባባ ደምሴ በጣታቸው እየቆጠሩ አዳመጡ፤ ጆሯቸውም ከብዷልና ደገሙላቸው። ከዚያ ቀስቷ ተመልሳ ላከች።

የሰው እጅ እንደ ጽሕፈቱ ነው፤ አንዴ ያወቁት አይረሳም። እኔ ያችን ክብ ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ። ረጅሙ መቆም ጆሮው የከበደ ሽማግሌ ነበር። አጭሩ ደግሞ ቶሎ የሚሰማ።

ወጣሁ። ደጁ ላይ ቆምኩ። ወደ ቤት መሄድ እችል ነበር፤ ማንም አያውቀኝም። የቆምኩት ለጀግንነት አይደለም፤ እግሬ አልሄድ ብሎኝ ነው። ተመልሼ ገባሁ።

«እትዬ፣ እንቢ ያለዎት… እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«እኔ ነኝ ያስዘጋሁት። የክሊኒኩን። እርስዎን ሰው አይደሉም ብዬ ጽፌ።»

መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ሰው አይደለሁም? ምንድን ነኝ ታዲያ?»

«ማሽን።»

ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ማሽንማ ብሆን ወገቤን አያመኝም ነበር። አንቺ ልጅ፣ መጥተሽ አንድ ቀን እዚህች በርጩማ ላይ ብትቀመጪ ምን ነበረበት? ከመንግሥተ ሰማይ የወረድሽ ነሽ?»

አባባ ደምሴ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። «እኔ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ» አሉ፤ «ፒያሳ ነበርኩ። አሁን የሰዓቱን ጥርስ ከጥርስ አልለይም። ዶክተሮቹ እስከ ዓርብ ነው ስም የሚይዙት ይባላል። ሐቅ ነው?»

ሐቅ ነበር። ዓርብ ዝርዝሩ ይዘጋል፤ ቀጣዩ ዙር መቼ እንደሆነ ክሊኒኩም አያውቅም። ቀኑ ረቡዕ ነው።

ወደ ቢሮ ተመልሼ ለናሆም ነገርኩት። ላፕቶፑን ሳይዘጋ ሰማኝ።

«እሺ፣ በሚቀጥለው ሪፖርት ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን። "ማሻሻያ" እንለዋለን።»

«ዝርዝሩ ዓርብ ይዘጋል።»

«ቅድስት፣ ውላቸው የሚታደሰው በዚህ ሳምንት ነው። ተሳስተናል ብለን ብንገባ ማን ያድሰዋል? አንቺስ ማን ያምንሻል ከዚህ በኋላ?»

«ስማቸው ከጎን ተቀምጧል እኮ። ሃያ ስድስት ሰው ነው።»

«እኔ ነኝ የማወራው። ነገ ክሊኒኩ ስብሰባ ላይ አንቺ እንደወትሮው ዝም በይ።»

እንደወትሮው ያላት ቃል ናት የቆየችብኝ። ሰባት ዓመት ስብሰባ ገብቼ ገጽ ከመግለጥ በቀር ምንም አላልኩም። ናሆም ዝምታዬን ከቢሮው ዕቃ ጋር ቆጥሮታል።

ሐሙስ ጠዋት እሪ በከንቱ ሄድኩ። እትዬ ዘነቡ ለሚሞሉላቸው ሰው ሁሉ ስምና ስልክ፣ ቀንና ሰዓት የሚጽፉበት ደብተር አላቸው፤ መልስ ሲመጣ ደውለው ሊነግሩ ነው። ደብተሩን ለመንኳቸው፤ «ብታጠፊው ማሽኑ ይበላሻል» ብለው ሰጡኝ። አባባ ደምሴንም እጃቸውን ይዤ ታክሲ ገባን። ክሊኒኩ በር ላይ ናሆም ሲያየን ቀለሙ ተለወጠ።

«እኚህ ማን ናቸው?»

«ማሽኑ ከሞላላቸው አንዱ» አልኩት። ይህ ቃል እንዴት እንደወጣኝ እስካሁን አላውቅም።

የክሊኒኩ ኃላፊ ሲስተር ናቸው፤ ጥርት ያለ ነገር የሚወዱ ሴት። ናሆም ስለ አዲሱ ውል ጀመረ። ስለ ትኩረት፣ ስለ ጎብኚ፣ ቀስት የበዛበትን በቀይ፣ ያነሰበትን በሰማያዊ ስለሚያሳይ ሥዕል።

«ሲስተር፣ ይቅርታ» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ወጣ። ናሆም አላቆመም። እንደገና «ሲስተር» አልኩ፤ አሁን ሁሉም ዞረ። «ባለፈው የጻፍኩት ስሕተት ነው። ማሽን አይደለም። ደላላም አይደለም። አንዲት ሴት ናቸው፤ ማየት ለማይችል ሰው ቅጽ የሚሞሉ። ወደ ጎን ያስቀመጣችኋቸው ሰዎች ታማሚዎች ናቸው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም።»

«ቅድስት ትንሽ ደክሟታል…» አለ ናሆም።

«አልደከመኝም።»

ሲስተር እስክሪብቶዋቸውን አስቀመጡ። «በምን አወቅሽ?»

ቅጂውን ከፈትኩ። ክቧን አሳየኋቸው፤ መቆሙን አሳየኋቸው። ደብተሩን ከጎኑ ዘረጋሁ፤ ቀኑ ከቀኑ፣ ሰዓቱ ከሰዓቱ ይገጥማል። «ይህ ረጅሙ መቆም» አልኩ፣ «እኚህ ናቸው።» አባባ ደምሴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ጠረጴዛው አቅጣጫ እጅ ነሱ። አቅጣጫውን ትንሽ ስተውት ነበር፤ እጅ የነሱት ለመስኮቱ ነው። ማንም አልሳቀም።

«አንቺ ልጅ፣ አንድ ወር ሰው አስጠብቀሽብኛል» አሉኝ ሲስተር። «አዎ» አልኩ። ከዚያ ደብተሩን ወደ ራሳቸው ስበው እዚያው ስም በስም መደወል ጀመሩ።

ውሉ አልታደሰም። ናሆም በሳምንቱ ሰው ሳያስፈልግ ቀስቷን ራሱ አንብቦ ለየጎብኚው የትኩረት ነጥብ የሚሰጥ የኮምፒውተር ሥርዓት ገዛ፤ እኔንም አሰናበተኝ። የሥራ ልምድ ደብዳቤዬ ላይ «በሥነ ምግባር ጉድለት» ተብሎ ተጽፏል። ደብዳቤውን አልደበቅሁትም። አሁን የማስተምርበት ኮሌጅ ስገባ ከዲግሪዬ ጋር አያይዤ ነው የሰጠሁት፤ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝም ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው።

«ሥራሽን ያጣሽው በገዛ አፍሽ ነው» የሚለኝ ሰው አለ። ሰባት ዓመት ሥራ ነበረኝ፤ አፍ ያገኘሁት ሐሙስ ቀን ነው። ነጥብ ሰጪው ሥርዓት ከእኔ ይሻላል የሚልም አለ። ይፈጥን ይሆናል። ሲሳሳት ግን እሪ በከንቱ ወርዶ ይቅርታ አይልም።

አባባ ደምሴ የቀኝ ዓይናቸው ሞራ ተነሥቶላቸዋል፤ ግራው ተራውን ይጠብቃል። ከሃያ ስድስቱ ሃያ አምስቱ ተገኝተዋል። አንዲት ሴት ቀሩ፤ ወይዘሮ ዘውዴ ይባላሉ። ስልካቸው አይሠራም፤ ሰፈራቸው ተነሥቶ ወደ ኮንዶሚኒየም ሄደዋል ከማለት በቀር የሚያውቅ የለም። ስልካቸው የሚሠራበት ጊዜ ነበር፤ ያ ወር እኔ ያባከንኩት ወር ነው። ሲስተር ቦታቸውን ክፍት አድርገው ይዘውልኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ሦስተኛውን ኮንዶሚኒየም ልጠይቅ ሄድኩ። ጥበቃው ወንበሩን በሩ ላይ አድርጎ ፀሐይ ይሞቃል፤ ከጀርባው ሰዎች ቆመው ያወራሉ።

«ማንን ነው?»

«ወይዘሮ ዘውዴን። ዓይናቸው በደንብ አያይም።»

«ምናቸው ነሽ?»

«ምናቸውም አይደለሁም።»

«ታዲያ ምን አገባሽ?»

«ተራቸውን የወሰድኩባቸው እኔ ነኝ» አልኩት፤ እሱም፣ ከጀርባው የቆሙት ሰዎችም እስኪሰሙ። «ልመልስላቸው ነው የመጣሁት።»

ጥበቃው ወንበሩን ከበሩ ሳበ።

«ከብሎክ አንድ ጀምሪ» አለኝ። «ሁሉንም በር ማንኳኳትሽ ነው።»

ጀመርኩ።